ከጠላት ቤት አንድ የራስ ሰው

ኤሚል ቫርጎ ሐኪም ይጠላል፤ ልጁ ግን ሐኪም እንድትሆንለት ይፈልጋል። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ሆድ ውስጥ እንዴት ተስማምተው እንደሚያድሩ ደፍሮ የጠየቀው ሰው የለም። የጠየቀ ቢኖር ስድብ ጠግቦ በተመለሰ ነበር።

የሚኖረው ብራይስ ፌሪ ነው፤ ከኦሃዮ ወንዝ ዳር፣ የብረት ፋብሪካዋ ከሞተ ወዲህ ጭሱ እንኳ የሚናፍቃት ከተማ። ፋብሪካው ሲዘጋ ሰው የሚቀጥር ሆስፒታሉ ብቻ ቀረ። አባቱና አያቱ ብረት ሲያቀልጡ ባረጁበት አገር እሱ በሽተኛ ሲያመላልስ ሸበተ። ባለ ጎማውን አልጋ ከክፍል ወደ ራጅ፣ ከራጅ ወደ ቀዶ ጥገና ይገፋል፤ አንዳንዴም ፊቱ የተሸፈነውን ይዞ ወደ ምድር ቤት ይወርዳል። ሐኪሞቹ ሊፍት ውስጥ ጎኑ ቆመው ስለ ጎልፍና ስለ ጀልባቸው ያወራሉ። እሱን የሚያዩት እንደ አልጋው አምስተኛ እግር ነው። አንዱማ አንድ ቀን ስልኩን ለማንበብ እጁ ስላልበቃው የቡና ኩባያውን በሽተኛው እግር ሥር፣ አንሶላው ላይ አስቀመጠው፤ ጠረጴዛ ያገኘ መስሎት።

ይህን ሁሉ ኤሚል አይረሳም። ሌላው ሰው ቂሙን ተኝቶ ሲነሳ ትቶት ይሄዳል። ኤሚል ግን ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ አብሮ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ለብሶት ይወጣል።

የመጀመሪያው ቂም ከሆስፒታሉም ይቀድማል። ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ የኬሚስትሪ ክፍል ልግባ ብሎ የትምህርት ቤቱ አማካሪ ዘንድ ሄደ። ሚስተር ክሌቨንገር የሚባል፣ ሆዱ ከቀበቶው በላይ የተንጠለጠለ ሰውዬ ነበር። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው "አባትህ ምድጃው ላይ አይደል የሚሠራው?" አለው። ነው ሲለው፣ "እንግዲያው አንተን የሚያበላህ እጅህ ነው" አለና ብየዳ ውስጥ ጻፈው። ኤሚል ብየዳውን ተምሮ ሲጨርስ የሚበየድ ብረት ጠፋ። በዚያ ኬሚስትሪ ክፍል ወንበሩን የያዙት የሐኪምና የጠበቃ ልጆች ነበሩ። አንዱ ዛሬ የሆስፒታሉ የልብ ሐኪም ነው፤ ዶክተር ሃሎራን። ሃሎራን ከኤሚል ጋር በአንድ ዓመት መጨረሳቸውን አያውቅም። ለማወቅም ምክንያት የለውም።

ነገሩ የፈነዳው በመጋቢት፣ ሊፍት ውስጥ ነው። ኤሚል አንዲት አሮጊት ይዞ ወደ ራጅ ሲወርድ ሃሎራን ገባ፤ ዓይኑም ምን ነክቶት እንደሆነ እንጃ ኤሚል ደረት ላይ ወደተንጠለጠለው መታወቂያ ወረደ።

"ቫርጎ" አለ። "ያቺ ታሪክ የምታጠናው ልጅ ያንተ ናት እንዴ?"

ካሪሳ የኤሚል አንድ ልጁ ናት። ኮረብታው ላይ ባለው ኮሌጅ ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ሐኪም መሆን የሚፈልግ ልጅ መጀመሪያ አራት ዓመት ኮሌጅ ይማራል፤ ከዚያ ለሕክምና ትምህርት ቤት ያመለክታል፤ እስከዚያው ደግሞ ከአንድ ሐኪም ኋላ ኋላ እየተከተለ፣ ጥግ ይዞ ዝም ብሎ እያየ፣ ወራት መቆም አለበት። ካሪሳ የምትከተለው ሃሎራንን ነው። ኤሚል ይህን ያውቃል፤ አልወደደውም፤ ግን ዋጠው።

"ታሪክ አይደለም ዶክተር። ባዮሎጂ ነው።"

ሃሎራን ፈገግ አለ፤ ሕፃን ቁጥር ሲሳሳት እንደሚሳቀው ያለ ፈገግታ። "ታሪክ ናት። ከቀየረች ዓመት አልፏታል። ስለ ጥንቱ የኮሌራ ወረርሽኝ እየጻፈች ነው፤ ራሷ ናት የነገረችኝ። ጎበዝ ልጅ ናት።" በሩ ተከፈተ፤ ወጣ።

አሮጊቷ ከትራሷ ላይ ሆና ኤሚልን ሽቅብ አየችው። "ልጆች እንዲህ ናቸው" አለችው፣ የታመመው እሱ ይመስል።

ኤሚል ቀኑን ሙሉ ጥርሱን ነክሶ ዋለ። በሆስፒታሉ ምግብ ቤት ልጄ ባዮሎጂ ናት፣ ልጄ ሐኪም ልትሆን ነው ያላለው ሰው የለም፤ ለጽዳቶቹ፣ ለጥበቃዎቹ፣ ላልጠየቀውም ሁሉ ነግሯል። ለካ ዓመት ሙሉ ሲያወራ የኖረው ውሸት ነው። እውነቱን ደግሞ ከማን አፍ ሰማው።

ዕለቱ የጾም ዓርብ ነበርና የደብሩ ምድር ቤት በዓሣ ጥብስ ሽታ ታፍኗል። በዚያ ወቅት በየዓርቡ ሥጋ ስለማይበላ ሠፈሩ ሁሉ እዚያ ነው የሚበላው፤ ዓሣውን ወንዶች ይጠብሳሉ፣ ድንች የተሞላውን ፒሮጊ ባልቴቶቹ ይጠቀልላሉ። ሚስቱ ሮንዳ ከትልቁ ድስት ጎን ቆማ ጎመን ትጨልፋለች፤ ካሪሳ ሽርጥ ታጥቃ ሳህን ታመላልሳለች። ኤሚል ሰው ይስማኝ አይስማኝ ሳይል ልጁን ክንዷን ይዞ አስቆማትና ባዮሎጂው የት ሄደ አላት።

ካሪሳ አልካደችም። ሳህኖቹን አስቀመጠችና ቀስ ብላ ታስረዳው ጀመር። የሕክምና ትምህርት ቤቶቹ በየትኛው ዲፓርትመንት ተመረቅሽ ብለው አይጨነቁም፤ የሚፈልጓቸውን ኬሚስትሪና ፊዚክስ ከወሰድሽ፣ ፈተናውን ካለፍሽና ጂፒኤሽ ከፍ ካለ ሙዚቃም ብታጠኚ ግድ የላቸውም። ባዮሎጂ ውስጥ ግን የገባው ሁሉ ሐኪም እሆናለሁ ባይ ነው። መምህራኑ ውጤት የሚሰጡት በከርቭ ነው፤ ኤ የሚያገኙት ጥቂቶች ብቻ እንዲሆኑ አስቀድሞ ተወስኗል፤ የቀረው ይንጠባጠባል። እሷም መንጠባጠብ ጀምራ ነበር። አማካሪዋ ወይዘሮ ቤክዊዝ ውጤቷን አይታ፣ "የምትወጂው ታሪክ ነው፤ ኤ የምታመጪውም ታሪክ ነው፤ ለምን ራስሽን ትገድያለሽ?" አለቻት። ቀየረች፤ ጂፒኤዋም ቀና አለ።

ከዚህ ሁሉ ኤሚል ጆሮ የገባው አንድ ቃል ብቻ ነው። አማካሪ።

"የሃሎራን ልጅ እዚያ አይደል የሚማረው? እሱን ምን ውስጥ ከተቱት?"

"ባዮሎጂ። ማንም ግን አልከተተውም፣ አባዬ።"

"አየሽ። ለሐኪም ልጅ ባዮሎጂ፣ ለአልጋ ገፊ ልጅ ተረት ተረት።"

"የሃሎራን ልጅ ኤ ያመጣል። እኔ ሲ ነበር የማመጣው። ልዩነቱ ይሄ ነው።"

"አስጠኚ ስላቆሙለት ነው።"

"ይሁን። ከርቩ አስጠኚ አለህ ወይ ብሎ አይጠይቅም።"

ከኋላቸው የተሰለፈው ሕዝብ ሳህኑን ይዞ አንገቱን አስግጓል። ኤሚል ወደ ሮንዳ ዞረ። ጭልፋዋ ድስቱ ውስጥ ቆሟል።

"ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አሁን የሆንከውን እንዳትሆን ብዬ" አለችውና ለሚቀጥለው ሰው ጎመኑን ጨለፈች።

ካሪሳ አባቷን ወደ ደረጃው ወስዳ የመጨረሻውን ነገር ነገረችው፤ ይህኛውን እንዲሰማላት እየለመነች። ኮሌጁ ኮሚቴ አለው። ለሕክምና ትምህርት ቤት ማመልከት የሚፈልግ ተማሪ በሚያዝያ ወር ኮሚቴው ፊት ቀርቦ ይጠየቃል። ኮሚቴው ደገፈው ማለት በሩ ተከፈተለት ማለት ነው፤ ከሚደግፋቸው ከአሥሩ ዘጠኙ ይገባሉ፤ ኮሌጁም ይህንኑ አውራ ጎዳናው ላይ በትልቁ ለጥፎ ይኮራበታል። ያልተደገፈ ልጅ ብቻውን ማመልከት ይችላል፤ ግን የሚያመለክትበት ትምህርት ቤት ሁሉ "የገዛ ኮሌጅህ ለምን ዝም አለ?" ነው የሚለው።

"አሥሩን እስኪመርጡ ስንቱን ነው ገደል የሚከቱት?" አለ ኤሚል።

"ብዙ" አለች ካሪሳ፤ እዚህ ላይ እንኳ አልዋሸችውም። "እኔ ከተከተቱት እንዳልሆን ነው የምፈልገው። እባክህ ተወው። ኮሌጅ ድረስ እንዳትመጣ።"

እንዳትመጣ ማለቷ አበላሸው። ኤሚልን አትምጣ ማለት መንገዱን ጠርጎ መስጠት ነው።

ሰኞ ዕለት ሥራውን እንደጨረሰ ያንኑ የሆስፒታል ሰማያዊ ልብሱን እንደለበሰ ኮረብታውን ወጣ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና የወይዘሮ ቤክዊዝን በር ሲያንኳኳ ከውስጥ የጠበቀው ሚስተር ክሌቨንገርን ከነሆዱ ነበር። ያገኘው ግን ከሲታ፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ዕድሜዋ ከእሱ ብዙም የማይርቅ ሴት ነው። ተነስታ ጨበጠችው፤ ወንበር ሰጠችው። ይህም አናደደው፤ ለጠብ የመጣ ሰው ወንበር አይወድም።

ልጄን ከባዮሎጂ ያስወጡብኝ ለምንድን ነው ብሎ ጀመረ፤ ግን "እርስዎ" እያለ ነበር የጀመረው።

"አቶ ቫርጎ፣ በጣም አዝናለሁ" አለች። "አሥራ ስምንት ዓመት ስለሞላው ተማሪ፣ ተማሪው ራሱ ፈርሞ ካልፈቀደልኝ ለወላጅ ምንም መናገር አልችልም። ሕግ ነው። እውነቱን ልንገርዎና፣ ልጅዎ የዚህ ኮሌጅ ተማሪ መሆኗን እንኳ ልነግርዎ አልችልም።"

"መኪናዬ መስታወት ላይ የኮሌጁ ስም ተለጥፏል። መኪናው የሚማር መሰልዎ?"

"ትፈርምልኝና ደስ እያለኝ አብረን እንነጋገራለን።"

"እምቢ ብትልስ?"

"እንግዲያው እኔ መናገር አልችልም። ለመስማት ግን ጆሮዬ ክፍት ነው።"

ይህን ያለችው ለተንኮል አልነበረም። የተቆጣን አባት አብርዶ መሸኘት ሥራዋ ነው፤ በዓመት ስንቱን ሸኝታለች። ኤሚል ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጆሮ አጥቶ የኖረ ሰው ነው። ክፍት ጆሮ ሲያገኝ የቋጠረውን ሁሉ ዘረገፈው። ከክሌቨንገር ጀምሮ ኩባያው ድረስ፣ ከኩባያው ሊፍቱ ድረስ፤ አንዱንም አላስቀረም። ሲናገር ሲናገር "እርስዎ" የት እንደጠፋ ሳያውቅ ሴትዮዋን አንቺ ይላት ጀመር።

"ስሚኝ፣ ይቺን ልጅ ሐኪም ትሆኛለሽ ያልኳት ገና ከጡት ሳትወርድ ነው። የመጀመሪያ መጫወቻዋ ሐኪሞች አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት ማዳመጫ ነበር፤ አሻንጉሊት የገዛላትን ሰው መልሰህ ውሰድ ብዬዋለሁ። ዳንስ ልማር አለች፣ ከልክያለሁ። አስተማሪ ልሁን አለች፣ ከልክያለሁ። ሐሳቡ የእሷ አይደለም፤ የእኔ ነው። እኔ ሳልፈቅድ አንቺ የምትቀይሪው ነገር አይደለም።"

ወይዘሮ ቤክዊዝ መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። "ለምን ሐኪም?" አለች።

"ከጠላቴ ቤት አንድ የራሴ ሰው እንዲኖረኝ ነዋ። አንድ ቀን ያን ሊፍት ስትገባ እነዚያ ሁሉ ጎልፋቸውን አቋርጠው ዶክተር ቫርጎ እንዲሏት።"

"ሕመምተኞቹስ?"

"ሕመምተኛማ ሞልቷል። እኔ አይደለሁ የምገፋው?"

ሴትዮዋ ሌላ አልጠየቀችም። ስለመጡ አመሰግናለሁ ብላ እስከ በሩ ሸኘችው። ኤሚል ኮረብታውን ሲወርድ እያፏጨ ነበር። ዕድሜ ልኩን ለአማካሪ ሊነግር የፈለገውን ነግሯል፤ ሴትዮዋም ቃል አልመለሰችለትም፤ አፏን አስዘጋኋት አለ በልቡ። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። የልቡን ተናግሮ የወጣ ሰው ከኋላው የጣለውን ዞሮ አያይም።

የጣለውን ይዛ የመጣችው ካሪሳ ናት፤ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ። ኤሚል ግቢ ውስጥ የመኪናውን ዘይት ሲቀይር ደርሳ በላዩ ቆመች።

ወይዘሮ ቤክዊዝ የኮሚቴው አባል ናት። አስጠርታ ነገረቻት፤ አባትሽ የነገሩኝን አልሰማሁም ማለት አልችልም፣ ኮሚቴው ፊትም ልደብቀው አልችልም፣ የሚጠይቁሽን አውቀሽ ተዘጋጂ ብላ። ኮሚቴዎች ከደካማ ውጤትም በላይ የሚፈሩት አንድ ዓይነት ልጅ አለ፤ በወላጁ ግፊት የመጣ ልጅ። እንዲህ ያለው ልጅ ገብቶ በሁለተኛው ዓመት ይፈርሳል፤ ወይም ይመረቅና በሽተኛ እየጠላ ይኖራል። ስለዚህ ሴት ከምስር ውስጥ ጠጠር እንደምትለቅም ኮሚቴው እንዲህ ያለውን ልጅ ይለቅማል። ልጆቹም ይህን ስለሚያውቁ አባቴ ፈልጎልኝ ነው የሚል ቃል ከአፋቸው አይወጣም። ለካሪሳ ግን አባቷ ራሱ ሄዶ፣ ወንበር ስቦ፣ ከነማስረጃው አስመዘገበላት።

"ምን እንዳደረግክ ታውቃለህ?"

"መብትሽን አስከበርኩ። አፏን አስዘጋሁልሽ።"

"አፏን አላስዘጋህም። ሥራዋን ሠራህላት እንጂ። ዳንሱንም ነገርካት፤ አሻንጉሊቱንም ነገርካት።"

"እውነት ነው የነገርኳት። በገዛ ልጄ መኩራት ወንጀል የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?"

"የኮራኸውማ በራስህ ነው።"

ኤሚል እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተነሳ። ሄጄ አስተካክላለሁ፣ ሴትዮዋን ይቅርታ እጠይቃታለሁ አለ። ካሪሳ ሳቀች፤ እንደዚያ ያለ ሳቅ ከእሷ ሰምቶ አያውቅም፤ ከሊፍት ውስጥ ግን ያውቀዋል። ከዚያ ገብታ ልብሷን በቦርሳ ሞላችና የኮሚቴው ጥያቄ እስኪያልፍ ከአክስቷ ቤት ልትሰነብት ሄደች። ሮንዳ እስከ መኪናው ሸኘቻት። ተመልሳም ከኤሚል ጋር ስለ እራት ካልሆነ በቀር አልተነጋገረችም።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። በዚያ ሰሞን ኤሚል ማንም ሳይነካው ይደማ ነበር። ምግብ ቤት ሲገባ የሳቁ ሁሉ በእሱ የሳቁ ይመስለዋል። በኮሚቴው ውስጥ ከከተማው አንድ ሐኪም እንደሚቀመጥ ሰምቷል፤ ሐኪሙም ሃሎራን ነው። ጥፍሩ እስኪነቀል ድረስ ቢጠየቅ የማያደርገውን ነገር ማሰብ ጀመረ። አስቦ አልቀረም፤ አንድ ቀን ጠዋት ባዶ አልጋ ይዞ ሊፍቱ ውስጥ ጠበቀው። ሃሎራን ሲገባ ኤሚል ጀመረ። ዶክተር፣ ስለ ልጄ፣ እኔ የተናገርኩት ነገር አለ፣ እሷን አይመለከትም፣ እሷ በራሷ ጎበዝ ናት አለ፤ ሌሊቱን ሲያጠናው ያደረው ሁሉ እንደ ተንተባታቢ ልጅ ከአፉ ተንጠባጠበ።

ሃሎራን መዳፉን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ። "ስለ ኮሚቴው ጉዳይ ከወላጅ ጋር አናወራም" አለው። "መልካም አባት መሆንህን አልጠራጠርም።" እጁን አነሳና ስልኩን ማንበብ ቀጠለ።

መልካም አባት። ኤሚል ከዚያ ወዲያ ያችን ትከሻውን ሲያሻት ሰነበተ፤ የተቃጠለ ሰው እንደሚያሻት።

ካሪሳ የተመለሰችው ቅዳሜ ቀትር ላይ ነው። ኤሚል ወጥ ቤት ተቀምጦ ራዲዮ ላይ ቤዝቦል ያዳምጣል፤ ሮንዳ ዕቃ ታጥባለች። ካሪሳ ኮቷን ሳታወልቅ ከፊቱ ተቀመጠችና ራዲዮውን አጠፋችው።

"ጠዋት ደወሉልኝ" አለች። "ደግፈውኛል። አንድም ሰው አልተቃወመም።"

ሮንዳ እርጥብ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ኤሚል የሚጠብቀው ደስታ እስኪመጣ ትንሽ ታገሠ። የመጣው ግን ሌላ ነው። የልጁ ፊት የድል ፊት አይመስልም፤ ጥርሱን አስነቅሎ ከሐኪም ቤት የተመለሰ ሰው ፊት ነው።

"ጠየቁሽ?"

"ከገባሁ ጀምሮ ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። የማን ፍላጎት ነው አሉኝ።"

"ምን አልሽ?"

"የአባቴ ነበር አልኩ። ብዋሽ ያውቁ ነበር፤ ነግረሃቸዋላ።" ዓይኗን ከዓይኑ አላነሳችም። "አባቴ ሐኪም ይጠላል አልኳቸው። ዕድሜውን ሙሉ በሽተኛ ሲገፋ ኖሮ የአንድ በሽተኛ ስም እንኳ ይዞ ቤት ገብቶ አያውቅም፤ ይዞ የሚገባው ማን እንደናቀው ነው አልኳቸው። ከልጅነቴ ጀምሮ እራት ላይ የምሰማው ይሄንን ነው። ይሄኛው ሐኪም ይህን አለኝ፣ ያኛው ያን አደረገኝ። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ አልጋው ላይ ያለው ሰውዬ ምን ሆነ ብዬ እጠይቅሃለሁ። ዳነ? ሞተ? አታውቅም። አንድ ቀን እንኳ አውቀህ አታውቅም። ሐኪም መሆን የፈለግኩት እዚያ ማዕድ ላይ ነው አልኳቸው፤ አባቴ እንድሆን በፈለገበት ምክንያት ሳይሆን እሱ ያላየውን ሰውዬ ለማየት ብዬ።"

ሮንዳ የሚንጠባጠበውን ቧንቧ አጥብቃ ዘጋችው።

"ሃሎራን ነበረ?" አለ ኤሚል።

"ነበረ።"

"ሃሎራን ፊት ነው እንዲህ ያልሽው?"

"ሃሎራን ፊት።"

"ሳቀ?"

"አልሳቀም። ጻፈው።"

ኤሚል ተነስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ፤ ከመስኮቱ ተመልሶ ወንበሩን ያዘ። ሠላሳ ዓመት እነዚያ ሰዎች አያውቁኝም እያለ ሲብሰለሰል ኖሯል፤ አሁን አወቁት። የሚያውቁትም ልጁ ባሳየቻቸው በኩል ነው።

"በዚህ ከምታልፊ ብትወድቂ ይሻለኝ ነበር።"

"አውቃለሁ" አለች ካሪሳ። "ይሄንንም ነግሬያቸዋለሁ።"

ሮንዳ "ካሪሳ" አለች ቀስ ብላ። ልጅቱ ወደ እናቷ አልዞረችም።

"የጠየቅኸው ይኸው ተሰጠህ፣ አባዬ። እገባለሁ። ምናልባት እዚያው ሆስፒታል እመለሳለሁ፣ ምናልባትም አልመለስም። አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው፤ ከእንግዲህ ኮሌጁ ግቢ እንዳትረግጥ። አማካሪዬ ዘንድ አትሂድ፤ ሃሎራንንም ሊፍት ውስጥ ጠብቀህ አታናግረው። እሱንም ሰምቻለሁ።"

ያ የመጨረሻው ነገር የኤሚልን ፊት አመድ አስመሰለው። ሃሎራን ነግሯታል ማለት ነው። አጠገቡ የቆመ ሰው ሲንተባተብ አይቶ፣ ሄዶ ለሰውዬው የገዛ ልጅ ነግሯታል። ካለው ቃል ሁሉ ሊጎዳት የሚችለውን አንዱን መዘዘ።

"እንዲህ ከሆነ ለምርቃትሽም አልመጣም።"

ይህን ብሎ ጠበቀ። ልጅ ናት፣ አንድ ናት፤ በስንት መከራ ያሳደጋት ናት። ትደነግጣለች ብሎ ጠበቀ፤ አባዬ እንደሱ አትበል ትላለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ብትለምነው ትንሽ ሊያንገራግር፣ ከዚያ እሺ ሊላት ተዘጋጅቶ ነበር። ሮንዳም በዓይኗ ልጅቱን ትለምናት ነበር።

ካሪሳ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠግታ ተነሳች። የኮቷን ቁልፍ ከታች ወደ ላይ እየቆለፈች አባቷን አየችው፤ ያስጠላትም ያሳዘናትም አይመስልም፤ የምርመራ ውጤቱን አንብባ የጨረሰችው በሽተኛ እንደሆነ ብቻ።

"እሺ" አለችው።